የስለት ብሎን

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ውስጥ፣ ወደ ቡሬ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ፣ ወይኒቱ መቀመጥ አቅቷት ስትወርድ ስትወጣ ነበር። ረዳቱ መጀመሪያ ዝም አላት፤ ኋላ ግን፣ እህቴ ወይ ግቢ ወይ ውጪ፣ በር ላይ ተገትረሽ ተሳፋሪ አታስቀሪብኝ ብሎ ተቆጣት። እውነቱን ነው። ግን እሷስ ምን ታድርግ? በተኩሱ ሰበብ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልኩ ሲቋረጥ ሲቀጠል፣ እናቷን ሳታይ ክረምቱ ተጋመሰ። ነገ ደግሞ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ነው። የኪዳነ ምሕረት ታቦት ከነሕዝቡ እሷ በሠራችው ድልድይ ላይ ሊሻገር ነው። ይህን እያሰበ ረግቶ የሚቀመጥ ሰው ካለ እስቲ አሳዩኝ።

ወይኒቱ ፍኖተ ሰላም የምትሠራ መሐንዲስ ናት። ባሕር ዳር ለሁለተኛ ዲግሪዋ ስትማር ያጠናችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፋይበር ግላስ ከፋይበር ግላስ ጋር በብሎን ሲያያዝ፣ መጋጠሚያው ምን ያህል ሸክም ችሎ መቼ እንደሚሰበር አስቀድሞ ማስላት። ለሰው ስትነግረው ይስቅባታል። ያን ሁሉ ዘመን ስለ ብሎን? ይሏታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። የኩርቢን ወንዝ የሚያውቅ ሰው ግን አይስቅም። ኩርቢ ከቡሬ ወዲያ የእነወይኒቱን ቀበሌ ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው። በበጋ ፍየል ይዘለዋል፤ በክረምት ከብትም ሰውም ይወስዳል። ገደሉ መኪና አያስወርድም፤ ብረት ተሸክሞ የሚወርድበትም የለም። ፋይበር ግላስ ግን በሙጫ ተነክሮ የደረቀ የመስታወት ክር ነውና ቀላል ነው፤ አይዝግም፣ ምስጥም አይበላው። ድልድዩን በዚህ እንድትሠራው ለሙከራ ተብሎ ተፈቀደላት። የአገሬው ጎረምሳ ቁርጥራጩን ወጋግራ በትከሻው አወረደው፣ ወንዙ ዳር በብሎን ተገጣጠመ፣ ግንቦት ላይ ድልድይ ሆኖ ቆመ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ካልያዛችሁ የሚመጣው አይገባችሁም። ብረት ቢበሱት ቻይ ነው። ቀዳዳው ዙሪያ ሲጨንቀው ይለጠጥና ሸክሙን ለጎኑ ያካፍላል። ፋይበር ግላስ እንዲህ ያለ ጠባይ የለውም። በተበሳ ቁጥር ሸክሙን የያዘው ክር ይቆረጣል። ቀዳዳው ከጠርዙና ከሌላው ቀዳዳ በደንብ ከራቀ፣ መጋጠሚያው ሲጎዳ ቀስ ብሎ ነው፤ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ሲጢጥ ይላል፣ ሰውም ሰምቶ ይሸሻል። ቀዳዳ ከቀዳዳ ከተቀራረበ ግን ትንፍሽ ሳይል ባንዴ ይሄዳል። የወይኒቱ ጥበብ ሁሉ ይህቺ ናት፤ መጋጠሚያው የሚጎዳ ከሆነ እየተናገረ እንዲጎዳ ማድረግ። የእያንዳንዱን ብሎን ቦታ ስትመርጥ ምን ያህል እንደተጨነቀች እግዜር ይወቅላት።

ማንኩሳን አልፋ፣ ቡሬ ወርዳ፣ በባጃጅ እስከሚያስኬደው ሄዳ፣ የቀረውን ጭቃ በእግሯ አቡክታ ወንዙ ዳር ስትደርስ ከሰዓት በኋላ ነበር። አገሩ ሽር ጉድ ይላል። በወዲያኛው ዳር ታድሶ ያለቀው ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮው ያብረቀርቃል። እድሳቱ እስኪያልቅ ታቦቱ በወዲህኛው ዳር መቃኞ ውስጥ ነበርና፣ ነገ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የድልድዩ መደገፊያ በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጨርቅ ተጠምጥሟል፣ መረማመጃው ላይ ቄጠማ ተነስንሷል። እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ አለች በልቧ።

ቀድሞ ያያት ስመኘው ነበር። ስመኘው አብሯት የተማረ ልጅ ነው፤ አሁን ቡሬ ላይ የብየዳ ሱቅ አለው። መሐንዲሷ መጣች ብሎ አገሩን አስጮኸና እጇን ይዞ ወደ ድልድዩ መካከል ወሰዳት። አጠንክረንልሻል፣ ነይ እዪው ይላል። ጎንበስ ብላ ወጋግራዎቹ የሚጋጠሙበትን ቦታ አየች። እሷ አራርቃ ባሰረቻቸው ብሎኖች መካከል፣ ከዚያም አልፎ እስከ ጠርዙ ድረስ፣ አዳዲስ ብሎኖች እንደ በቆሎ ፍሬ ተደርድረዋል። ወይኒቱ ርቀታቸውን በጣቷ ትለካ ጀመር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ላይ ድልድዩ ሲመረቅ ሕዝቡ ንግግር አድርጊ አላት። እሷም ደስታው አፏን ፈታውና፣ የዚህ ድልድይ ጉልበቱ ብሎኑ ላይ ነው፣ እኔ ይህን ያህል ዘመን የተማርኩት ስለዚህ ብሎን ነው ብላ ተናገረች። አገሬው አዳመጠ፤ አምኖም ተቀበለ። ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላና መጋረጃ ይሳል የነበረው ሰው ለኪዳነ ምሕረት መንገድ ብሎን መሳል ጀመረ። ልጁ የታመመበት ብሎን ተሳለ። ላሙ የጠፋችበት ብሎን ተሳለ። ስለቱ የሰመረለት ቡሬ ገበያ ወጥቶ ብሎን ከነዳዶው ይገዛል፤ ስመኘውም ጄኔሬተሩንና መሰርሰሪያውን አሸክሞ ወርዶ ያለ ዋጋ ይበሳለታል። የእሱም ስለት ይኸው ነበር። ብረትና እንጨት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ እዚያ ብሎን ሲበዛ ይጠነክራል። ማን ምን ብሎ ይፍረድበት?

ከሁሉም የመጀመሪያዋን ብሎን ያስገባችው ማን ትመስላችኋለች? የገዛ እናቷ፣ ተናኜ። የልጇን መምጣት ሰምታ ቁልቁለቱን እየተንደረደረች ደረሰች። አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፣ ፊቷን ዳሰሰች፣ ከስተሻል አለች፣ በአማርኛ ጀምራ ሲያጥራት በአገውኛ መረቀች። ከዚያ እጇን ጎትታ ጎንበስ አስባለቻትና አንዲት ብሎን በጣቷ ነካች።

«ይችን አየሻት? ስልኩ የጠፋ ሰሞን፣ ፍኖተ ሰላም ተኩስ ነው ሲሉኝ፣ የልጄን ድምፅ አሰሚኝና መንገድሽ ላይ ብሎን አስገባለሁ አልኳት ኪዳነ ምሕረትን። ሳይውል ሳያድር ደወልሽልኝ።»

ወይኒቱ ምን ትበላት? እማየ፣ ስለ እኔ ያስገባሽው ብሎን ድልድዩን አቆሰለው ትበላት? የእናቷን እጅ ሳመችና ቀና አለች። እናቷም ደስታዋን ቀጠለች። ነገ ብሎን ያስገቡት ሁሉ ከታቦቱ ፊት ፊት እንዲሄዱ መሪጌታ ፈቅደዋል። እሷ ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ያስገባች ናትና ከሁሉም ፊት ትሆናለች። ይህን ስትናገር ፊቷ እንደ ልጃገረድ በርቶ ነበር።

እናቷ ወደ ቤት ቀድማ ስትሄድ ወይኒቱ ስመኘውን ያዘችው። በምን በሳኸው? መሰርሰሪያው ስለታም ነበር? ከኋላው እንጨት ደግፈህበታል? በጥያቄ አዋከበችው። ስመኘው ምንም አልደበቀም። የመሰርሰሪያው ምላስ ኋላ ኋላ ደንዞ በትከሻው እየተጫነ ነው የበሳው። እንጨት አልደገፈም። በወዲያ በኩል ሲወጣ ትንሽ ትንሽ እየፈነጠረ አስቸግሮት ነበር፤ መልኩ እንዳይበላሽ ብሎ በሞረድ አስተካክሎታል። ዳዶውንም ያለ የሌለ ኃይሉን ተጠቅሞ አጥብቆታል። እሷ ሁሉንም ሰማች። ፋይበር ግላስ በደነዘ ምላስ ሲበሳ ንብርብሩ ከውስጥ ይላቀቃል፤ ላዩ በሞረድ ቢያምር ሆዱን ማን ያየዋል? ስመኘው ፊቷን አይቶ ደነገጠ፤ ምነው አጠፋሁ እንዴ አላት። አይ፣ ላስላው ብላው ሄደች።

ቤት ገብታ ላፕቶፗን ከፈተች። አንዱን ቀዳዳ ሳትጨርስ ትነሳለች፤ ደጅ ትወጣለች፣ የበቆሎውን አገዳ ትነካለች፣ ትመለሳለች። እናቷ ተይ አረፍ በይ፣ መንገድ አድክሞሻል ትላለች። እረፍት ከየት ይምጣ? አዲሶቹን ቀዳዳዎች በሙሉ አስገባች፤ ከጠርዙ ያላቸውን ርቀት አስገባች፤ ለክፉው አበሳስም ከጉልበቱ ቀነሰችለት። ሕዝቡን በልቧ ድልድዩ ላይ አቆመችው፤ ቀሳውስቱን፣ ዲያቆናቱን፣ ከበሮውን፣ ጃንጥላውን፣ ባለስለቶቹን። መልሱ ወጣ። ይችላል አላት። በጠባቡ ነው፣ ግን ይችላል።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስ አላላትም። ጉልበቱን አሳንሳ ደግማ ሠራችው፤ አሁንም ለጥቂት ይችላል። ባሕር ዳር ያስተማሯት ዶክተር ዘሚካኤል ጋ ደወለች። እሳቸውም ቁጥሩን አንድ በአንድ ሰምተው፣ ስሌትሽ ላይ ስሕተት አላየሁም አሏት። ከዚያም፣ እኔ የነገርሽኝን ነው የማየው፣ የቀዳዳውን ሆድ ያየሽው አንቺ ነሽ አሉ። አላየሁትም፣ ማንም አላየውም አለቻቸው። እንግዲያ ወስኚ ብለው ዘጉ። ሰው እንዲህ ያለ ምክር ይሰጣል? ግን ሌላ ምን ይበሉ?

ፀሐይ ሳትጠልቅ መሪጌታ ክንፈሚካኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። መሪጌታ ወይኒቱን ፊደል ያስቆጠሩ ሰው ናቸው። ስመኘው ነገሩን ጠርጥሮ ነግሯቸዋል መሰለኝ፣ ነገር ሳያበዙ ጠየቁ፤ ልጄ፣ ይችላል? አሏት። እናቷ ነጠላዋን ለነገ እያጠፈች ነበር፤ እጇን አቁማ ወደ እሷ አየች። ወይኒቱም፣ ይችላል የኔታ፣ ብቻ ሰው ተራርቆ ይሂድ አለች። መሪጌታ ሳቁ። በንግሥ ቀን፣ ታቦት እየወጣ፣ ማን ከማን ተራርቆ ይሄዳል? ይሁን እንነግራቸዋለን ብለው ሄዱ። ያን ሌሊት እናቷ ተኛች፤ ልጅቱ እንቅልፍ የሚባል በዐይኗ አልዞረም።

በማግስቱ ቅዳሴው አልቆ ታቦቱ ከመቃኞው ወጣ። ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ኩርቢ ግን ሌሊት ላይኛው አገር ዘንቦበት ቀልቶ፣ ጭቃና ግንድ ተሸክሞ እየተግተለተለ ይወርዳል። እልልታው ገደሉን ሞላው። ሕዝቡ ተራርቃችሁ ሂዱ ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነግሮታል። ሰምቶም እሺ ብሏል። ሆኖም ትከሻ ለትከሻ ተፋፍጎ ነው የሚመጣው። ከሁሉም ፊት ባለስለቶቹ፣ ከባለስለቶቹም ፊት ተናኜ ነበረች፤ አዲስ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እልል ስትል የአንገቷ ሥር ተገታትሮ።

ወይኒቱ ድልድዩ አፍ ላይ ቆማለች። ይችላል፣ ይችላል እያለች ቁጥሩን በልቧ ትደግማለች። ሕዝቡ ቀረበ። የእናቷን ፊት አየችው። የጫማዋን ጫፍ አየችው። በዚያች ቅጽበት ቁጥሩ ከራሷ ጠፋ፤ የቀረላት ያ ማንም ያላየው የቀዳዳው ሆድ ብቻ ነው። ከፍኖተ ሰላም ጀምሮ መቀመጥ እምቢ ያላት ልጅ ድልድዩ አፍ ላይ፣ ቄጠማው ላይ፣ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

እናቷ፣ ልጄ ታማለች ብላ ጮኸች። ሰው ተገፋፍቶ ቆመ። ታቦት ፊት መንገድ መዝጋት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። ማጉረምረሙ ተነሳ፤ አንዳንዱም አንሷት እንጂ አለ። ስመኘው ተናዶ፣ ትናንት በአፍሽ ይችላል አላልሽም እንዴ አላት። ብያለሁ አለችው። ግን ከዚያ ቦታ የሚያስነሳት አልነበረም። መሪጌታ ሰዉን ገለል አድርገው ፊቷ ቆሙ።

«የኔታ፣ በሰው አይሞከር» አለች። «መጀመሪያ አፈር ይሻገርበት።»

መሪጌታ ወንዙን አዩ፤ ልጅቱን አዩ። ቁጣ ቢመጣም ባልገረመኝ። እሳቸው ግን ወደ መዘምራኑ ዞረው ወረቡን አንሡ፣ እኔ ካላልኩ እንዳታቆሙ አሉ። ታቦቱ በክብር ቆመ፣ ከበሮው ተመታ፣ ጽናጽሉ ተንሿሿ፤ ሩቅ ያለው ሰው ነገሩ ሁሉ የሥርዓቱ ክፍል መሰለው። ቅርብ ያለው ጎረምሳ ደግሞ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ፍለጋ ሮጠ። የሚያዝያና የሰኔ ማዳበሪያ የገባበት ጆንያ ከየቤቱ ወጣ፣ አፈር ተሞላ፣ አፉ ተሰፋ።

ግን ጆንያውን ማን ተሸክሞ መሐል ድረስ ይግባ? ሰው እንዳይገባበት አይደለም እንዴ ይህ ሁሉ? ድልድዩ ሳይሠራ በፊት ሰው እየያዘው በዋና የሚሻገርበት ወፍራም ገመድ እዚያው ወንዙ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተጠቅልሎ ነበር። ወይኒቱ ጫፉን ወገቧ ላይ አሰረች። ከቤተ ክርስቲያኑ እድሳት የተረፈ ቆርቆሮ ሌላው ጫፍ ላይ ታሰረ፤ ጆንያው እሱ ላይ ተጭኖ ከማዶ ሊሳብ ነው። ስመኘው እኔ ልሻገር አለ። አንተ ትከብዳለህ ብላ ገፋችው። ክረምቱን ሙሉ አንድ ሁለት ሰው ሲመላለስበት ከርሟል፤ እሷም ቀጭን ናት፤ ይህን ታውቃለች። እናቷ ግን ነጠላዋን ጨምድዳ ይዛ አለቅም አለች። መሪጌታ ናቸው ጣቶቿን አንድ በአንድ ያላቀቁት።

ወይኒቱ ተሻገረች። መጋጠሚያው ላይ ስትደርስ ጆሮዋን ወደ ታች ሰጥታ ሄደች፤ ምንም አልተናገረም። ያ ዝምታው ነው የበለጠ ያስፈራት። ማዶ ታቦቱን ሊቀበል የቆመው ሕዝብ ገመዱን ተቀበላት። ሳቡ አለች፤ ሳቡ። ቆርቆሮው ቄጠማውን እየጠረገ መጣና መሐል ላይ ቆመ። ጎረምሶቹ በወዲያ በኩል ከኋላው በገመድ የተያያዘ ሌላ ጭነት አስከተሉ፣ ከዚያም ሌላ። ድልድዩ ጎበጥ አለ፤ እሷ ባሰላችው ልክ ነው የጎበጠው፤ እንደውም ያምር ነበር። የባለስለቶቹን ክብደት ያህል ገባ። የቀሳውስቱና የመዘምራኑ ገና ይቀራል። ያን ጊዜ፣ ልንገራችሁ አይደል፣ ወይኒቱ አፈረች። ይኸው ይችላል፣ ታቦት ፊት ተቀምጬ ለአገሩ መሳቂያ ሆንኩ ብላ አሰበች። ማዶ ስመኘው እጁን አጣጥፎ ቆሞ ይታያታል።

ቷ አለ።

ሰዉ በሁለቱም ዳር መሬት ተኛ። ተኩስ ነበር የመሰለው፤ የከረመበትን ያውቃልና አይፈረድበትም። ቀና ሲል ድልድዩ የለም። አንደኛው ወጋግራ በቀዳዳዎቹ መስመር ላይ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው፣ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ሄዷል፤ ሌላኛው ተጠማዞ ተከትሎታል። አንድም ሲጢጥ አላለም፤ አንድም አልተናገረም። ጆንያው፣ ቆርቆሮው፣ ባለ ሦስት ቀለሙ ጨርቅ ኩርቢ ውስጥ እየተገለባበጠ ወረደ። በሁለቱም ዳር የቀረው ጉቶ ላይ የተበጠሰው ነጭ ክር እንደ ቃጫ ተንጨብርሮ ነበር።

 ከዚያ ማዶ አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ገደሉ በሙሉ ተቀበለ። በወይኒቱ በኩል ያሉት ሽማግሌዎች ትከሻዋን እየሳሙ፣ አወቅሽው፣ ቀድመሽ አየሽው፣ የተማረ ሰው ይባረክ አሏት። በማዶም መሪጌታ በድምፅ ማጉያው፣ ይህቺ ልጅ በትምህርቷ አስቀድማ አውቃ ሕዝቡን አተረፈች እያሉ ሲናገሩ ንፋሱ እየቆራረጠ አመጣላት።  ድልድዩ የተሰበረው ከቁጥሯ እጅግ በታች ነው። ቁጥሯን አምና ቢሆን ኖሮ፣ ቀሳውስቱ ገና ዳር ሳሉ፣ ባለስለቶቹ መሐል ሲደርሱ ይሰበር ነበር። ከሁሉም ፊት ማን እንደነበረች ታውቃለች።

ስልኳ ጠራ። እናቷ ናት። ወንዙ መካከላቸው ሆኖ ይተያያሉ፤ ማዶ ስልኩን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ይዛ ቆማለች።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ እማየ።»

«ሰው ሁሉ እየመረቀኝ ነው። የኔታም ልጅሽ አውቃው ነው አሉ። እኔማ አልኩ፣ የኔ ልጅ ሳታውቅ አትቀመጥም አልኩ።»

እዚያ ላይ ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ዶክተር ዘሚካኤል ሩቅ ናቸው፤ ላፕቶፑ ቤት ነው። ወይኒቱ ግን ያን ምርቃት መቀበል አልሆነላትም።

«አላወቅሁም እማየ። ስሌቴ ይችላል ነው ያለኝ። ደጋግሜ ሠራሁት፣ ይችላል አለኝ።»

በስልኩም በጆሮዋም የሚሰማው ያው ወንዝ ነው። 

«ታዲያ ምን አስቀመጠሽ?»

«ፈራሁ። አንቺ ፊት ነበርሽ።»

ማዶ ያለችው ነጭ የለበሰች ትንሽ ሴት ወደ ተሰበረው ጉቶ ዞረች። ተጠግታ አየችው፤ ሰው ክንዷን ይዞ ወደ ኋላ ሳባት።

«የሄደው በብሎኖቹ በኩል ነው?»

«በቀዳዳዎቹ በኩል ነው።»

«በእኔም?»

ወይኒቱ ዐይኗን ጨፈነች። «በአንቺም እማየ። ትናንት ልነግርሽ አንጀቴ አልቻለም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጉልበቱ ብሎኑ ላይ ነው ብዬ ሳልጨርስ የተውኳችሁ እኔ ነኝ።»

ለቅሶ ጠበቀች። ማዶ ወረቡ ቆሞ ታቦቱ ወደ መቃኞው መመለስ ጀምሯል፤ ጃንጥላዎቹ አንድ በአንድ ዞሩ። ሰዉም ተከተለ። እናቷ ብቻ ከነበረችበት አልተነቃነቀችም። ነጠላዋን በአንድ እጇ አስተካክላ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ድምፅዋ ሲመጣ ቁርጥ ያለ፣ ወይኒቱ ልጅ ሳለች የምትቆጣበት ድምፅ ነበር።

«ስሚኝ፤ ይህን ለየኔታም ለሰዉም እንዳለ ትነግሪያለሽ፣ አታሳምሪውም። ሁለተኛውን ድልድይ ስትሠሪ ብሎን አንሳልም። እኔን ግን እንደ ዛሬው ፊት አቁሚኝ።»